የተሰነጣጠቀ አለት ሞዴል፦ የትኛውን የሞገድ ፍጥነት ልስጠው? ንዝረቱስ ለምን አያቆምም?

ባዛልት_አራት_ኪሎ

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ የጂኦሎጂ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ እባካችሁ ታገሱኝ።

የመመረቂያ ሥራዬ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በሚወጣው መንገድ ዳር ያለ አንድ ተዳፋት ነው። ቁመቱ 60 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከላይ ባዛልት አለ። ዓምድ ዓምድ ሆኖ ተሰነጣጥቋል፤ ስንጥቆቹ በአማካይ ግማሽ ሜትር ይራራቃሉ። ከሥሩ ታፍ (የእሳተ ገሞራ አመድ ጠጥሮ የሆነው አለት) አለ። በሁለቱ መሀል ቀላ ያለ የሸክላ ንጣፍ ገብቷል። ውፍረቱ ስንዝር አይሞላም። ደረቅ ሲሆን በጥፍር ይፈረፈራል፤ ሲረጥብ ጣት ላይ ይለጠፋል። ይህ ንጣፍ ወደ መንገዱ 15 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። ክረምት ላይ ውሃ የሚወጣው ልክ በዚያ መስመር ነው። በበጋ ይደርቅና የውሃው ምልክት ብቻ ይቀራል።

በዚያ መንገድ የደሴው፣ የወልድያው፣ የመቀሌው መኪና ሁሉ ያልፋል። በ2017 ዓ.ም ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲናወጥ፣ እዚህ መሀል ከተማ ፎቅ ላይ የምንኖር ሰዎች ሌሊት ደረጃውን በሩጫ ስንወርድ፣ እኔ ያ ተዳፋት ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ከዚህ የባሰ ቢመጣ ይችለው ይሆን? የሥራዬ ጥያቄ ይኸው ነው።

ሞዴሉን የሠራሁት ዩዴክ በሚባል፣ አለትን ብሎክ በብሎክ በሚያሰላ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ላይ ነው። አለቱን በብሎክ ከፋፍዬ ስንጥቆቹን አንድ በአንድ አስገብቻለሁ። ሦስት ነገር ላይ ቆሜያለሁ።

አንደኛ፣ ፍጥነቱ። ከቦታው ያመጣሁትን የባዛልት ናሙና ቤተ ሙከራ ውስጥ በአልትራሳውንድ ስለካው የፒ ሞገድ (እንደ ድምፅ እየገፋና እየሳበ የሚሄደው ፈጣኑ ሞገድ) በሰከንድ 5,000 ሜትር ይሄዳል። እዚያው ተዳፋቱ ላይ በመዶሻና በጂኦፎን (የመሬት ንዝረት መቅጃ) ስለካው ደግሞ 1,800 ብቻ ነው። አለቱ ያው አለት ነው። የትኛውን ልስጠው?

ሁለተኛ፣ ንዝረቱ። የታችኛው ወሰን ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ በፍጥነት መልክ እሰጠዋለሁ። መዝገቡ 20 ሰከንድ ነው። ከዚያ በኋላ መርገብ ሲገባው መንቀጥቀጡን ይቀጥላል። አናቱ ላይ ያሉት ብሎኮች ይዘላሉ፤ በመጨረሻ ሁሉም ይበታተናል። ያለ ነውጥ ግን ጸጥ ብሎ ይቆማል።

ሦስተኛ፣ የስንጥቁ ብዛት። የማማክራቸው ሰዎች አብዢው፣ አጥብበሽ አስገቢው ይሉኛል። ኮምፒዩተሬ ግን አሁን ያለውንም በግድ ነው የሚችለው። አንዴ ካስነሳሁት ቀን ከሌት ይሠራል፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና መጀመር ነው። ስንጥቅ ማብዛት መልሱን በእርግጥ ያሻሽለዋል?


ሞገድ_ቆጣሪ

ሰላም እህቴ። ሁለተኛውን እኔ ልሞክረው። ስለ ፍጥነቱ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ይመጣል።

ችግሩ ያለው አለቱ ላይ አይደለም፤ ሞዴሉ የታጠረበት ወሰን ላይ ነው። እውነተኛው መሬት ወደ ታች ወለል የለውም። ሞገድ ከታች መጥቶ፣ ገጹ ላይ ተንጸባርቆ፣ ተመልሶ ወደ ጥልቁ ይሄዳል። በቃ፣ ሄደ። ያንቺ ወሰን ግን ከታዘዘው ፍጥነት ውጪ መንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ ከላይ የሚወርደው ሞገድ እዚያ ይጋጭና ይመለሳል። ኃይሉ መውጫ አጥቶ እላይ እታች ይላል። ብሎኮቹ የሚዘሉት ለዚህ ነው።

መፍትሔው ላይስመርና ኩልማየር እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረቡት ሞገድ የሚውጥ ወሰን ነው። ከታች ዳሽፖት (ንዝረትን የሚያበርድ ክፍል) ታስቀምጫለሽ፤ የሚመጣውን ሞገድ ይቀበልና ያስቀረዋል። ጎንና ጎኑ ላይ ደግሞ ፍሪ ፊልድ የሚባለውን፣ ተዳፋቱ ባይኖር መሬቱ እንደሚንቀሳቀሰው የሚንቀሳቀስ ወሰን አድርጊ። ጎኖቹን ዝም ብለሽ ካሰርሻቸው ከታች ያስወጣሽው ኃይል በጎን ይመለስብሻል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዳሽፖት ያለበት ወሰን ላይ ፍጥነት ከሰጠሽ ዳሽፖቱን ሻርሽው ማለት ነው። ፍጥነቱን ወደ ሸር ስትሬስ (በጎን የሚያንሸራትት ጫና) ቀይሪው፦ 2 ሲባዛ በአለቱ እፍጋት፣ ሲባዛ በኤስ ሞገድ (አለቱን ወደ ጎን የሚያወዛውዘው ሞገድ) ፍጥነት፣ ሲባዛ ወደ ላይ የሚጓዘው ሞገድ አለቱን በሚያንቀሳቅስበት ፍጥነት። 2 የመጣው ግማሹን ዳሽፖቱ ስለሚውጠው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነው። መዝገብሽ የመጣው አለት ገጽ ላይ ከተተከለ መሣሪያ ከሆነ፣ ገጹ ላይ የሚመጣውና የሚንጸባረቀው ሞገድ ተደምረው ንቅናቄው እጥፍ ሆኗል። ወደ ላይ የሚጓዘው የዚያ ግማሽ ነው። ለምሳሌ መዝገቡ በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ካሳየ፣ የምትወስጂው 5 ሴንቲ ሜትሩን ነው። እፍጋቱ 2,700፣ የኤስ ሞገዱ 2,500 ከሆነ ስትሬሱ 0.675 ሜጋፓስካል ይመጣል። ግማሹን መውሰድ ከረሳሽ ተዳፋቱን በእጥፍ ነውጥ መምታትሽ ነው።

ሌላው መሹ ነው፤ ሞዴሉ ለስሌት የተከፋፈለበት መረብ ማለቴ ነው። የአንዱ ክፍል ስፋት ከሞገዱ ርዝመት ከስምንተኛ እስከ አንድ አስረኛው መብለጥ የለበትም። አለቱ ላይ ይህ አያስጨንቅም። ተዳፋቱ ላይ የተከመረ ልል አፈር ካለ ግን ተጠንቀቂ። እዚያ የኤስ ሞገድ በሰከንድ 250 ሜትር ቢሄድ፣ 10 ሄርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት 25 ሜትር ነው፤ መሽሽ ከ2.5 ሜትር መብለጥ የለበትም። መዝገቡ ውስጥ ከ10 ሄርዝ በላይ ያለውን ቁረጪው። ቤዝላይኑንም (የመዝገቡን የዜሮ መስመር) አስተካክዪ፤ አለበለዚያ ነውጡ ሲያልቅ ተዳፋቱ በሙሉ ወደ አንድ ወገን እየተንሳፈፈ ይቀራል።


ባዛልት_አራት_ኪሎ

እግዜር ይስጥልኝ! የገጽና የጥልቅ ሞገድ ልዩነት እንዲህ ተብራርቶ አግኝቼው አላውቅም። ዛሬውኑ አስተካክላለሁ። የፍጥነቱን ነገር የሚያውቅ ካለ እየጠበቅሁ ነው።


መንገድና_ገደል

ልጄ፣ ጥያቄሽን ደስ ብሎኝ አነበብኩት። ዕድሜዬን የጨረስኩት መንገድ ዳር ያለ ተዳፋት ላይ ነው፤ ያንቺንም መንገድ አውቀዋለሁ። ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ።

ሁለቱም ፍጥነቶች ትክክል ናቸው። አብረው ግን አይገቡም።

5,000 ያልሽው ስንጥቅ የሌለበት የአንድ ቁራጭ ድንጋይ ፍጥነት ነው። 1,800 ያልሽው የድንጋዩና የስንጥቆቹ የጋራ ፍጥነት ነው። ስንጥቆቹን አንድ በአንድ ሞዴሉ ውስጥ ካስገባሽ፣ ለብሎኮቹ የምትሰጪው 5,000ውን ነው። ፍጥነቱን ስንጥቆቹ ራሳቸው ያወርዱታል። ለብሎኮቹ 1,800 ሰጥተሽ ስንጥቆቹንም ካስገባሽ አንዱን ስንጥቅ ሁለት ጊዜ ቆጠርሽው። አለቱ ከእውነተኛው በላይ ይላላል።

የሁለቱን ልዩነት እንደ ጣጣ አትዪው፤ ትልቅ መረጃ ነው። 1,800ን ለ5,000 አካፍለሽ በራሱ አባዢው፤ 0.13 ይመጣል። ከ0.2 በታች የሆነ አለት በጣም ደካማ ከሚባለው ክፍል ነው። ደግሞ ከዚሁ የስንጥቁን ስቲፍነስ (ሲጫኑት የሚያሳየውን ግትርነት) ታወጪበታለሽ። እፍጋቱ 2,800 ነው እንበል። በ5,000 ስኩዌር ሲባዛ 70 ጊጋፓስካል፤ በ1,800 ስኩዌር ሲባዛ 9 ጊጋፓስካል። አንድ ሲካፈል ለ9፣ ሲቀነስ አንድ ሲካፈል ለ70፤ የቀረው የስንጥቆቹ ድርሻ ነው። ገልብጠሽ በግማሽ ሜትር ስታካፍዪው የአንዱ ስንጥቅ ኖርማል (ፊት ለፊት ሲጫኑት ያለው) ስቲፍነስ 20 ጊጋፓስካል በሜትር አካባቢ ይሆናል። የሌላ አገር አለት ቁጥር ከመጽሐፍ ከመገልበጥ ይህ ይሻላል። የራስሽ ድንጋይ የነገረሽ ነው። ግን የሚሠራው ገጹ አጠገብ ብቻ ነው። መንገዱ ሲቆረጥ ፊቱ ላልቷል። ወደ ውስጥ ሲገባ ክብደቱ ስንጥቁን ይዘጋዋል፣ ስቲፍነሱም ይጨምራል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄሽ። አንድ ስንጥቅ ሞገድን የሚያጣራው ከተወሰነ ፍሪኩዌንሲ በላይ ነው። ወሰኑን በእጅ ማስላት ይቻላል፦ ስቲፍነሱ ሲካፈል ለፓይ፣ እንደገና ሲካፈል ለእፍጋትና ለፍጥነት ብዜት። ባንቺ ቁጥር 470 ሄርዝ አካባቢ ይመጣል። ተዳፋት የሚያንቀጠቅጠው የመሬት መንቀጥቀጥ ኃይል በአብዛኛው ከ10 ሄርዝ በታች ነው። ይህን ስንጥቅ አያየውም ማለት ይቻላል። ይዘገያል እንጂ አይዳከምም። ስለዚህ እነዚህን ስንጥቆች እጥፍ ብታደርጊያቸው የምታተርፊው የኮምፒዩተር ጊዜ ማባከን ነው።

የሸክላ ንጣፉ ግን ሌላ ነገር ነው። የሸር ስቲፍነሱ 0.1 ጊጋፓስካል በሜትር ቢሆን፣ የኤስ ሞገዱም 2,800፣ ወሰኑ 4 ሄርዝ ላይ ይወድቃል። ልክ የመሬት መንቀጥቀጡ መሀል! 5 ሄርዝ ያለው ሞገድ ከታች ሲመጣ፣ 60 በመቶ የሚሆነው ኃይሉ ከንጣፉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። የቀረው ያልፋል። ከላይና ከታች ያለው አለት እኩል መንቀሳቀስ ያቆማል፤ ልዩነቱን የሚሸከመው ያ ስንዝር የማይሞላ ሸክላ ነው። ይህ ስሌት ንጣፉ እስኪንሸራተት ድረስ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ከዚያ በኋላ የሚወስነው ሰበቃው ነው።

እንግዲህ ትጋትሽን ሁሉ እዚያ ንጣፍ ላይ አድርጊው። ስትሄጂ ቢላዋ ያዢ። ሸክላውን ቀስ ብለሽ ክፈቺና የላይኛውንና የታችኛውን ድንጋይ ፊት እዪ። እብጠቶቹ ከሸክላው ውፍረት ይበልጣሉ ወይስ ሸክላው ውጧቸዋል? ካልዋጣቸው ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ይነካካል፤ ባርተን የሻካራነት ቁጥር ያስገባበት ቀመር ይሠራልሻል። ከዋጣቸው ግን የድንጋዩ ሻካራነት ምንም አይረዳሽም፤ የሚይዘው ሸክላው ብቻ ነው። ናሙናውን እዚያው በፕላስቲክ ጠቅልይው፣ ላዩን በሰም ሸፍኚው፣ እርጥበቱን ሳይለቅ አራት ኪሎ አድርሺው። ዳይሬክት ሸር በሚባለው የማንሸራተቻ መሣሪያ ላይ ወዲያና ወዲህ ደጋግመሽ አንሸራትተሽ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ጥንካሬ ያዢ። ከዚህ በፊት ተንሸራቶ የሚያውቅ ንጣፍ የሚያወጣው ያንን ነው። ንጣፉ ላይ የሚያንጸባርቅ፣ ጭረት ጭረት ያለበት ፊት ካየሽ ተንሸራቶ ያውቃል።

የመጨረሻው ውሃ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ቢሮዬ ፍልውሃ አጠገብ ነው። እዚያ የሚፈልቀው ሙቅ ውሃ ከጥልቅ የሚወጣው አለቱ በተሰበረበት መስመር ነው። ውሃ አንድ ክፍት ስንጥቅ ካገኘ ሌላውን መቶ ይተወዋል። ያንቺም ምንጭ በሸክላው መስመር መውጣቱ ግፊቱ የት እንደሚከማች እየነገረሽ ነው።

በቁጥር ልንገርሽ። የሸክላው የሰበቃ ማዕዘን 20 ዲግሪ ነው እንበል። ንጣፉ 15 ዲግሪ ያዘነብላል። ደረቅ ከሆነ የደህንነት ቁጥሩ (የሚይዘው ኃይል ሲካፈል ለሚያንሸራትተው) 1.36 ነው። ኒውማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ዘዴ፣ ከዚህ ላይ አንድ ቀንሰሽ በ15 ዲግሪ ሳይን ስታባዢው 0.09 ጂ (ጂ የመሬት ስበት ፍጥንጥነት ነው) ይመጣል። ነውጡ ከዚያ ካላለፈ ተዳፋቱ ንቅንቅ አይልም። አሁን ውሃ ጨምሪበት። በንጣፉ ላይ ያለው የውሃ ግፊት ከላይ ካለው የአለት ጫና 15 በመቶ ቢሆን የደህንነት ቁጥሩ ወደ 1.14 ይወርዳል፣ የሚችለው ነውጥ ወደ 0.036 ጂ። ግፊቱ 25 በመቶ ሲደርስ ቁጥሩ ከአንድ ያንሳል። ያኔ ለመናድ የመሬት መንቀጥቀጥም አያስፈልገውም።

ፈንታሌ ያናወጠን ታኅሣሥና የካቲት ላይ ነው፤ በበጋ። የካቲት 7 ቀን 2017 የተመዘገበው፣ መጠኑ 6 የነበረው፣ ደረቅ ተዳፋት ነው ያገኘው። ያው ነውጥ ነሐሴ ላይ ቢሆን ምን ይሆን ነበር? ጎፋ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ከ200 በላይ ወገኖቻችንን የቀበረው ናዳ የመሬት መንቀጥቀጥ አላስፈለገውም፤ ዝናብ በቃው። እዚያው አንቺ አካባቢ ይዛባ ወይን በ1998 መስከረም የተንሸራተተውም ክረምቱ ሲያበቃ ነው። የ1953ቱ የካራ ቆሬ ነውጥ ደግሞ ማጀቴን አፈራርሶ የአዲስ አበባ–አስመራን መንገድ ሲሰነጣጥቅና ናዳ ሲያወርድበት፣ ግንቦት መጨረሻ ነበር። ዋናው ክረምት ገና አልገባም። ስለዚህ ሞዴልሽን ሁለት ጊዜ አስነሺው፤ በጥር ውሃና በነሐሴ ውሃ። የመመረቂያ ጽሑፍሽ ልብ እዚያ ያለ ይመስለኛል።


ጂኦቴክ_ካዛንቺስ

ጋሼ የጻፉት ግሩም ነው። አንድ ጥያቄ ላንሳ። ስንጥቁ ግማሽ ሜትር፣ ተዳፋቱ 60 ሜትር ከሆነ፣ ብሎክ በብሎክ መሄዱ ራሱ ለምን አስፈለገ? እኛ ፎቅ መሠረት ስንቆፍር የተሰነጣጠቀውን ባዛልት እንደ አንድ ወጥ ነገር ወስደን፣ በጂ ኤስ አይ (አለቱ ምን ያህል እንደተሰነጣጠቀ የሚሰጥ ደረጃ) ጥንካሬውን ቀንሰን ነው የምናሰላው።


መንገድና_ገደል

ጥሩ ነጥብ ነው፣ እስማማለሁ። ባዛልቱን እንደ ወጥ ነገር ውሰጂው፤ ሸክላውን ግን ለብቻው እንደ አንድ ስንጥቅ አስገቢው። ኮምፒዩተርሽም ይተነፍሳል። ያኔ ለባዛልቱ የምትሰጪው ፍጥነት ይገለበጣል፦ 1,800ውን ነው የምትሰጪው፣ ምክንያቱም ስንጥቆቹ ቁጥሩ ውስጥ ገብተዋል። ከፊቱ ራቅ ብለሽ ወደ ውስጥ ስትገቢ ከፍ አድርጊው።

ብሎክ በብሎክ የሚያስፈልገው ፊቱ ላይ ነው። ዓምድ የሆነ ባዛልት ከሥሩ ታፉ ሲቦረቦር ወደ ፊት ይገለበጣል። ያንን ወጥ ሞዴል አያሳይሽም። የፊቱን ጥቂት ሜትር ለብቻ ትንሽ ሞዴል ሠርተሽ እዪው። የመሠረት ጉድጓድ ላይ የሚሠራው ዘዴ ተዳፋት ላይ ሳያስተውሉ ከተወሰደ የሚያመልጠው ይኸው መገልበጡ ነው። ካዛንቺስ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ግድግዳ ላይ የተሰነጣጠቀ አለት በደንብ የሚታይበት ቦታ አለ። ጂኦቴክ ፈቃድ ካገኘልሽ ሄደሽ በመዶሻ ለክተሽ ብታነጻጽሪው ጥሩ ልምምድ ነው።


ጂኦቴክ_ካዛንቺስ

በደስታ። ባለቤቱን አናግሬ በውስጥ እጽፍልሻለሁ። የደህንነት ቆብና ጫማ ይዘሽ ነይ።


ባዛልት_አራት_ኪሎ

ጋሼ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎት አላውቅም። ዕድሜ ይስጥልኝ። ያሉትን ይዤ ስሠራ ሰንብቻለሁ።

ወሰኑን እንደተባልኩት ቀየርኩት። ንዝረቱ መዝገቡ ካለቀ በኋላ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይረግባል። የሚዘል ብሎክ የለም። ባዛልቱን ወጥ አድርጌ ሸክላውን ብቻ ስንጥቅ ሳደርገው ኮምፒዩተሩም መብራት ሳይሄድ ይጨርሳል።

የሁለቱ ወቅት ልዩነት ግን አስደንግጦኛል። ሸክላውን ደረቅ ሳደርገው ያው ነውጥ አለፈና መንሸራተቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ግፊቱን ወደ 15 በመቶ ሳወጣው የላይኛው አለት በሙሉ ንጣፉ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል። አንዴ ይቆማል፣ ቀጣዩ ምት ሲመጣ እንደገና ይቀጥላል። መረጃውን ስከፍተው ከአናቱ ትንሽ ወደ ኋላ አለቱ መሰንጠቅ ጀምሯል። ሄጄ ማየት አለብኝ፤ እዚያ እውነተኛ ስንጥቅ ካለ ሞዴሉ ሳይሆን ተዳፋቱ ራሱ ነው የሚናገረው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ሞገድ ቆጣሪ፣ የትኛውን መዝገብ ልጠቀም? ጋሼ፣ የነሐሴውን የውሃ ግፊት በምን ላውቀው? ጉድጓድ የማስቆፈርበት ገንዘብ የለኝም።


ሞገድ_ቆጣሪ

አዲስ አበባ አጠገብ ያለው የፉሪ ተራራ የነውጥ መመዝገቢያ ጣቢያ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በፓይተን ቋንቋ ኦብስፓይ የሚባለውን የነውጥ መዝገብ ፕሮግራም ተጠቅመሽ ታወርጂዋለሽ። የመሣሪያውን ምላሽ ማውጣትሽን፣ ትልቁ ነውጥ ላይም መዝገቡ አለመቆረጡን አረጋግጪ። ፉሪ የተመዘገበውን እንዳለ አትውሰጂ፤ ተዳፋትሽ ያለው ሌላ ርቀት ላይ ነው። ከደብረ ሲና እስከ ፈንታሌ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ካራ ቆሬ ከዚያ ይቀርባል። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ነውጥ ያስፈልግሻል፦ አንድ ራቅ ያለ፣ አንድ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ የሚነሳ ቅርብ። ከዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት በመጠንና በርቀት የሚመሳሰሉ የአለት ላይ መዝገቦች ምረጪና ከአንድ በላይ ተጠቀሚ። የተዳፋቱን ቁመትም አስቢ። አናቱ በጣም የሚያጎላው የሞገዱ ርዝመት የቁመቱ አምስት እጥፍ ገደማ ሲሆን ነው። ባንቺ 60 ሜትር 300 ሜትር ይሆናል። የተሰነጣጠቀው አለት የኤስ ሞገድ 1,000 ከሆነ 3 ሄርዝ አካባቢ ማለት ነው። በዚያ ፍሪኩዌንሲ ላይ ኃይል ያለው መዝገብ ቢያንስ አንድ ይኑርሽ።


መንገድና_ገደል

ለውሃው ገንዘብ አያስፈልግሽም፣ ጊዜ ነው የሚያስፈልግሽ። ምንጩ የሚወጣበትን ከፍታ በየወሩ ለኪ፤ አዲስ ቦታ ላይ ውሃ ብቅ ካለም መዝግቢው። ውሃው ፊቱ ላይ በዚያ ከፍታ ከወጣ ከኋላው ያለው ቢያንስ ያንን ያህል ከፍ ብሏል። የሞዴልሽ ዝቅተኛ ግምት እሱ ነው። ፍሰቱንም ጄሪካን ደቅነሽ በሰዓት ለኪው፤ በስንት ሰከንድ ይሞላል? ከአናቱ በስተኋላ ስንጥቅ ካገኘሽ ወዲያና ወዲህ ምስማር ምቺና ርቀቱን በሜትር ለኪ። ስንጥቁን እንዲሁ ክፍት አትተዪው፤ የአካባቢውን ሰዎች አስተባብረሽ በሸክላ ይደፈን፣ የዝናቡም ውሃ በቦይ ወደ ጎን ይመለስ። 10 ሜትር ጥልቀት ያለው ስንጥቅ በውሃ ከሞላ በእያንዳንዱ ሜትር ስፋት 490 ኪሎ ኒውተን ይገፋል።


የደብረ_ሲና_ልጅ

ይቅርታ፣ እኔ የሒሳቡ ሰው አይደለሁም። ፒያሳ ሱቅ አለኝ። ግን ቤተሰቦቼ ያሉት ከዚያ መንገድ ሥር ነው፤ ጽሑፉን ሳየው ማለፍ አልቻልኩም። ያልሽው ምንጭ የቱ እንደሆነ የገባኝ ይመስለኛል። አባቴ ከብቶቹን የሚያጠጣው እዚያ ነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ይጀምራል፣ እስከ ጥቅምት ይቆያል። ዘንድሮ ውሃው ደፍርሶ ነው የከረመው፤ ድሮ ጥርት ያለ ነበር ይላል። ይህ ለሥራሽ ይጠቅማል?


ባዛልት_አራት_ኪሎ

በጣም ይጠቅማል ወንድሜ! ውሃው የደፈረሰው ሸክላውን እየሸረሸረ ስለሚወጣ ሊሆን ይችላል። እባክህ አባትህን ጠይቅልኝ፤ መደፍረስ የጀመረው በየትኛው ወር ነው? ዝናብ በጣለ ማግስት ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ? ከላይ እርሻው ላይ የተሰነጠቀ መሬት፣ ያዘመመ ዛፍ ወይም አጥር አይተው እንደሆነም ጠይቅልኝ። ፈቃዳቸው ከሆነ በሚቀጥለው ጉዞዬ እሳቸው ጋ እሄዳለሁ።


መንገድና_ገደል

የደብረ ሲና ልጅ፣ ላባትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ያንን ለወረዳው ዛሬውኑ ያስመዝግቡ፤ የልጅቷን ጥናት አይጠብቁ። ክረምት ላይ ዝናቡ ሲጠነክር ከብቶቹን ሌላ ቦታ ያጠጡ። ምንጩ በድንገት ቢቆም ወይም ቦታ ቢቀይር ደግሞ ከሥሩ ያሉት ቤቶች ሌሊትም ቢሆን ይውጡ።